ከሁለቱ አንዱን መዝጋት ቁጠባ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 የበጀት ዓመት ባቀረበው ሰነድ ውስጥ ከሳይንስ ሰዎች በቀር ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ሃሳብ ሰፍሯል። የስበት ሞገድን ከሚያዳምጡት ሁለት የላይጎ ጣቢያዎች አንዱ እንዲዘጋ፣ ለሥራው በዓመት የሚመደበው 48 ሚሊዮን ዶላር ገደማም ወደ 29 ሚሊዮን እንዲወርድ የሚጠይቅ ነው። በወረቀት ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ጣቢያዎች ካሉ፣ አንዱ ቢዘጋ ሥራው ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይቆምም ያሰኛል።

እኔ ሲያትል የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሁለቱ አንዱ፣ የሃንፎርዱ ጣቢያ፣ በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት ነው የሚገኘው። ሌላው ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሊቪንግስተን በተባለ ስፍራ ነው። ይህን የምጽፈው ለአካባቢዬ ተቆርቁሬ አይደለም፤ የሚዘጋው የሉዊዚያናው ቢሆንም የምለው ያው ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ተራርቀው የቆሙ የአንድ መሣሪያ ክፍሎች ናቸው። አንዱ ሲጎድል የሚቀረው ነገር ከግማሽ እጅግ ያነሰ ነው።

አልበርት አንስታይን በ1916 እንደጻፈው፣ ግዙፍ አካላት እየተሽከረከሩ ሲጋጩ ቦታንና ጊዜን ራሱን ያናውጣሉ፤ ነውጡም በብርሃን ፍጥነት ይሰራጫል። ይህ የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የተያዘው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነበር። ምንጩ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የተዋሃዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው፤ አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ ይመዝን ነበር። ከውህደቱ የፀሐይን 62 እጥፍ የሚመዝን አንድ ጥቁር ጉድጓድ ወጣ። የጎደለው የሦስት ፀሐይ ክብደት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሞገድ ሆኖ ሄደ። ያ ሁሉ ጉልበት እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን እጅግ ከመመንመኑ የተነሳ፣ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የላይጎ ክንድ የለወጠው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ነው።

ይህን የሚለካው መሣሪያ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሃንፎርድ መሄድ ይችላል። ከሲያትል የሦስት ሰዓት ተኩል ያህል የመኪና መንገድ ነው። የካስኬድን ተራሮች ሲሻገሩ ዝናቡና ጥዱ ወደ ኋላ ይቀርና ደረቅ ሜዳ ይጀምራል። አካባቢው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናጋሳኪ ላይ ለተጣለው ቦምብ ፕሉቶኒየም የተመረተበት ነው። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ፣ በኮንክሪት የተሸፈኑ ሁለት ክንዶች እንደ ላቲኑ ኤል ፊደል ማዕዘን ሠርተው እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ይዘረጋሉ። ነፋስ የሚያንከባልለው ደረቅ ቁጥቋጦ ከኮንክሪቱ ጥግ ስለሚከመር ሠራተኞች እያነሱ ያስወግዱታል። በኮንክሪቱ ውስጥ ስፋቱ 1.2 ሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ አለ፤ አየሩ ተመጥጦ ወጥቶለታል። አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ክንዶች ይሄዳል፣ ከጫፍ መስታወቶቹ ነጥሮ ይመለሳል፣ መልሶ ይገናኛል። የአንዱ ክንድ ርዝመት በጥቂቱ ከተለወጠ በግንኙነቱ ላይ ይታወቃል። መስታወቶቹ እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የተንጠለጠሉትም 0.4 ሚሊ ሜትር በሚወፍሩ የብርጭቆ ክሮች ነው።

ጣቢያው ለጎብኚ በሚከፈትበት ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ አውቃለሁ። አብዛኞቹ የስደተኛ ልጆች ናቸው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ በስክሪን የተሞላ ነው፤ መስመሮች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ አንድ ተማሪዬ ጥቂት ካየ በኋላ በአማርኛ፣ «ታዲያ መምህር፣ በውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍስ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ላይጎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መልሱ፣ መኪናው ይሰማል የሚል ነው። የፓሲፊክ ማዕበል ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። በሌላ ክፍለ ዓለም የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሰማል። በ2017 የሙቀት ወራት ሃንፎርድ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ኳኳታ መረጃው ውስጥ እየገባ አስቸገረ። ባለሙያዎቹ እግር በእግር ሲከታተሉት ከአንዱ ክንድ ጫፍ ደረሱ። እዚያ የናይትሮጂን ጋዝ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ በበረሃው ሙቀት የተጠሙ ቁራዎች ደግሞ በረዶውን ይነቁሩታል። የምንቃራቸው ምልክት በረዶው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ቧንቧው በረዶ እንዳይዝ ተደረገ። ይህ ምንጩ የተገኘለት ኳኳታ ነው፤ ምንጩ ሳይታወቅ የሚቀረው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ጣቢያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሊቪንግስተን ከሃንፎርድ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ በጥድ ደን መሐል ነው ያለው። የሃንፎርድ ቁራ እዚያ አይሰማም፤ ሊቪንግስተን አካባቢ ደን ሲመነጠር የሚወድቀው ዛፍም ሃንፎርድ አይደርስም። ከሰማይ የመጣ ሞገድ ግን ሁለቱንም ይመታል፤ የሚዘገየውም ቢበዛ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። የ2015ቱ ሞገድ መጀመሪያ ሊቪንግስተንን፣ ከ7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ሃንፎርድን አገኘ። በሁለቱም ላይ ቅርጹ አንድ ነበር።

ተመራማሪዎቹ በዚህ ብቻ አልረኩም። የአንዱን ጣቢያ መረጃ በጊዜ ወደፊትም ወደ ኋላም እያንሸራተቱ ከሌላው ጋር ደጋግመው አስተያዩት። ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ የተንሸራተተ መረጃ ላይ የሚገኝ ግጥጥም ከሰማይ ሊመጣ አይችልም፤ ድንገት የሆነ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐሰተኛ ግጥጥም ስንት ጊዜ እንደሚደርስ መቁጠር ተቻለ። ውጤቱ፣ ይህን የሚያህል ምልክት በአጋጣሚ የሚገኘው በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ባነሰ ነው የሚል ሆነ። በዚህ የተነሳ ነው ዓለም ያመናቸው። አንድ ጣቢያ ብቻ ቢኖር ኖሮ የሚንሸራተት ሁለተኛ መረጃ የለም፤ ስሌቱ ከነጭራሹ አይሠራም። በሸንጎ ፊት አንድ ምስክር ብቻ ያለው ከሳሽ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ክሱን ለማጽናት እንደሚቸገር ማለት ነው።

ሁለት ክስተቶችን ጎን ለጎን ላቅርብ፤ ክርክሬን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያስረዱልኛል።

የመጀመሪያው ኦገስት 17 ቀን 2017 የደረሰ ነው። ከእኛ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀው ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጩ። የሃንፎርድ ኮምፒውተር ምልክቱን ወዲያው ለየው። ሊቪንግስተን ላይ ግን ግጭቱ ሊፈጸም አንድ ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ከመሣሪያው የመነጨ ድንገተኛ ኳኳታ መጣ፤ አውቶማቲኩ ሥርዓትም መረጃውን ሳይጠቀምበት ቀረ። ማስጠንቀቂያው በሃንፎርድ ምክንያት ወጣ። ባለሙያዎች የሊቪንግስተንን መረጃ ከፍተው ሲያዩት ሞገዱ ከኳኳታው ሥር ጥርት ብሎ ተዘርግቷል፤ ኳኳታውን ነቅሰው አወጡት። ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት ግጭቱ በተፈጸመ በ1.7 ሰከንድ ውስጥ የጋማ ጨረር ብልጭታ አይታ ነበር። ጣሊያን ፒሳ አጠገብ ያለው የስበት ሞገድ ጣቢያ፣ ቪርጎም፣ ገና በዚያው ወር ማዳመጥ ጀምሮ ስለነበር መረጃውን ጨመረ። ሦስቱ ተደምረው የምንጩን ቦታ ወደ 28 ካሬ ዲግሪ አጠበቡት። አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቺሊ ውስጥ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ የሚሠራ ቡድን ብርሃኑን ኤን ጂ ሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ላይ አገኘው። ከዚያ በኋላ ከ70 በላይ የምልከታ ተቋማት ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ወርቅና ፕላቲነምን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚፈጠሩ ማስረጃው የተገኘው በዚያ ሰሞን ነው።

ሁለተኛው ኤፕሪል 25 ቀን 2019 ነው። እንደገና ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጩ ተብሎ ይታመናል፤ የሁለቱ ድምር ክብደት የፀሐይን 3.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ከባድ ጥንድ በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ታይቶ ስለማይታወቅ ትልቅ ጥያቄ የሚያነሳ ክስተት ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ሃንፎርድ ሥራ ላይ አልነበረም። ቪርጎ ላይ ምልክቱ እጅግ ደካማ ሆነ። በውል የሰማው ሊቪንግስተን ብቻ ነው። የምንጩ ቦታ በ8,284 ካሬ ዲግሪ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ተባለ፤ ይህ የመላው ሰማይ አምስተኛ እጅ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌስኮፖች ሌት ተቀን ፈለጉ። በእርግጠኝነት ብርሃኑ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይገኝ ቀረ። ከዚያ ግጭት ልንማረው የምንችለው አብዛኛው ነገር አመለጠን።

የበጀት ሃሳቡ የሚያቀርብልን ይህን ሁለተኛውን ቀን ነው። ያውም ለአንድ ቀን ሳይሆን የዘወትር ሁኔታ አድርጎ።

ጊዜውም ለመዝጋት የሚሆን አይደለም። ከሜይ 2023 እስከ ኖቬምበር 2025 የቆየው የምልከታ ዙር 300 ያህል ሞገዶችን ለይቷል። ኖቬምበር 23 ቀን 2023 የተያዘው ሞገድ የፀሐይን 100 እና 140 እጥፍ ያህል ከሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች የመጣ ነው፤ ተዋህደው የፀሐይን 225 እጥፍ ገደማ የሚመዝን አንድ ጥቁር ጉድጓድ ሆኑ። የኮከብ ሳይንስ እስካሁን በሚያስተምረን መሠረት፣ አንድ ኮከብ ሲሞት በቀጥታ እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል ተብሎ አይጠበቅም። ምናልባት እነሱም ራሳቸው ቀደም ካለ ውህደት የተወለዱ ናቸው። ይህን ሁሉ የነገረን ምልክት የቆየው ለ0.1 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ያህል አጭር ምልክት በአንድ ጣቢያ ብቻ ቢታይ ከተራ የመሣሪያ ኳኳታ ማን ይለየዋል? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስላዩት ነው ዛሬ የምናወራው።

ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ደግሞ ከ2015ቱ ሦስት እጥፍ ያህል የጠራ ሞገድ ደረሰ። ስቲቨን ሆኪንግ በ1971 የጥቁር ጉድጓዶች የገጽ ስፋት ድምር መቼም ቢሆን አይቀንስም ብሎ ነበር። ይህ ሕግ በዚህ ሞገድ በጥራት ሊፈተን ቻለ። ሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች ከመዋሃዳቸው በፊት የገጻቸው ስፋት ተደምሮ 240,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህ የኡጋንዳን ስፋት ያክላል። ከውህደቱ በኋላ 400,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ከዚምባብዌ ጥቂት ይበልጣል። ከሞገዱ ጋር ጉልበትና ክብደት ቢወጣም ስፋቱ አልቀነሰም፤ ጨመረ። ተመራማሪዎቹ በውጤቱ ላይ ያላቸው እርግጠኝነት 99.999 በመቶ ነው። ከላይጎ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኪፕ ቶርን እንደሚያስታውሰው፣ ሆኪንግ የ2015ቱን ግኝት እንደሰማ ስልክ ደውሎ ላይጎ ይህን ሕግ ሊፈትን ይችል እንደሆነ ጠይቆት ነበር። ሆኪንግ በ2018 አረፈ፤ አስተማማኙ መልስ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

የሚቀርቡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁለቱን በቅጡ ልመልስ።

አንደኛው፣ ቪርጎ አለ፣ ጃፓን ካግራ አላት፣ እነሱ ይተኩት የሚል ነው። ይተኩታል ማለት አይቻልም። በመጨረሻው ዙር እያንዳንዱ የላይጎ ጣቢያ የኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት እስከ 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይሰማ ነበር። የቪርጎ ርቀት የዚያ ሲሶ ያህል ነው። ርቀት ወደ ሲሶ ሲወርድ የሚያዳምጡት የጠፈር ይዘት በ27 እጥፍ ያንሳል። ካግራ ከዚያም እጅግ ያነሰ ይሰማል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 የኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ለመጠገን ብዙ ወራት ወስዷል። ሕንድ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ሂንጎሊ ላይ ሦስተኛ የላይጎ ጣቢያ ለመሥራት በ2023 ወስናለች፤ አገልግሎት እስኪጀምር ግን ዓመታት ይቀሩታል። ያ ጣቢያ የታሰበው ሁለቱን ሦስት ለማድረግ ነው። አንዱ ከተዘጋ ሕንድ ደክማ ደክማ የምትሞላው የጎደለውን ቦታ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ይህን የሰማሁት ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ፣ ጋሼ እያልኩ ከምጠራቸው አንድ አባት ነው። «አንተ ልጅ፣ መታከሚያ ያጣ ስንት ሰው ባለበት አገር ለማይታይ ነገር ይህ ሁሉ ገንዘብ መውጣቱ ልክ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። የመለስኩላቸው እንዲህ ብዬ ነው፤ ጋሼ፣ በሃሳቡ መሠረት የሚቀነሰው 19 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአሜሪካ ሕዝብ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት ስድስት ሳንቲም አይሞላም። በዚያ ገንዘብ የሚገነባ የሕክምና ሥርዓት የለም። የሚፈርሰው ግን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣበትና ሁለት ትውልድ የደከመበት ሥራ ነው። ተዘግቶ የቆየ ጣቢያም ገንዘቡ ሲገኝ ቁልፍ አዙረው የሚያስነሱት ነገር አይደለም። የቁራውን ኳኳታ ከማዕበሉ ለይተው የሚያውቁት ባለሙያዎች አንዴ ከተበተኑ እውቀታቸውም አብሯቸው ይሄዳል።

ይህ እውቀት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ለማየት የራይነር ዋይስን ሕይወት መመልከት ይበቃል። በ1932 በርሊን ተወለደ፤ ቤተሰቡ ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። በ1960ዎቹ ኤም አይ ቲ ውስጥ የአንስታይንን የስበት ንድፈ ሃሳብ ሲያስተምር፣ ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ያሰበው ልምምድ ነው ወደ ላይጎ ያደገው። በ1972 መሣሪያውን ሊረብሹ የሚችሉ የጫጫታ ምንጮችን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈ። ግንባታው የተጀመረው በ1994 ነው። ከ2002 እስከ 2010 የመጀመሪያው ላይጎ ሲያዳምጥ ቆይቶ አንድም ሞገድ አልሰማም። በዚያ ዝምታ ውስጥ በጀቱን ያልቆረጡ ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያው ተሻሽሎ በ2015 ሰማ። ዋይስ ከባሪ ባሪሽና ከኪፕ ቶርን ጋር በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ያረፈው ኦገስት 2025 ነው። ስምንት ዓመት ያለ ውጤት መጠበቅ የቻለ አገር፣ ውጤቱ በየሳምንቱ እየመጣ በነበረበት ጊዜ አንዱን ጣቢያ ልዝጋ ማለቱ አይገባኝም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን የምጽፈው ነገሩ እኛንም ስለሚነካ ነው። የላይጎ መረጃ የሚቀመጠው በስበት ሞገድ ክፍት ሳይንስ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ክፍያም ፈቃድም አይጠይቅም። ባሕር ዳር ወይም ጅማ የሚማር ልጅ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካገኘ የ2015ቱን ሞገድ አውርዶ፣ ጫጫታውን አጣርቶ፣ የ7 ሚሊ ሰከንዱን ልዩነት በራሱ እጅ መለካት ይችላል። እኔ ተማሪዎቼን የማሠራቸው ይህንኑ ነው። ልምምዱ ሁለት መረጃ ይፈልጋል፤ የሃንፎርድና የሊቪንግስተን። ግራቪቲ ስፓይ በተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ማንኛውም ሰው የመሣሪያ ኳኳታዎችን ምስል እያየ በየዓይነታቸው በመለየት ተመራማሪዎቹን ማገዝ ይችላል። አገር ቤት ያላችሁ የፊዚክስ መምህራን ሁለቱንም ክፍላችሁ ውስጥ እንድታስገቡ እጠይቃችኋለሁ። ውድ ላብራቶሪ የማይፈልግ እውነተኛ ምርምር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሜሪካ የምንኖርና የመምረጥ መብት ያለን ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለብን። አንድ ጊዜ በሰነድ የሰፈረ ሃሳብ በቀጣዩ የበጀት ዓመት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በጀት የሚያጸድቀው ኮንግረስ ነው፤ የኮንግረስ አባላትም ከመራጮቻቸው የሚደርሳቸውን ደብዳቤና ስልክ ይቆጥራሉ። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በዳላስና በአትላንታ ያለን ብዙ ነን። ለወኪሎቻችን ሁለቱም የላይጎ ጣቢያዎች በሙሉ በጀት ይቀጥሉ ብለን እንጻፍ። የሚዘጋው የትኛውም ቢሆን፣ የሚቀረው ብቻውን በቂ ማስረጃ ማቅረብ የማይችል ጣቢያ ነው፤ ገንዘቡም የሚባክነው ያኔ ነው።